በየስድስት ደቂቃው የሚቀሰቀስ ሳጥን

ጋሽ ጆሮ ሁለት ጣቶቻቸውን ያጡት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ በምሳ ሰዓት ነው። የሚሠሩበት የክር ፋብሪካ ካቦ «ኤሌክትሪክ ለምን በከንቱ ይነዳል?» እያለ ለምሳም፣ ለፈረቃ ቅያሬም፣ ለወሬም ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው ነበር። ሞተር ደግሞ፣ አጠገቡ የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሲሽከረከር ቢውል ብዙ አይጎዳም። ቀበቶው የሚበጠሰው፣ ጥርሱ የሚሰበረው፣ ፊውዙ የሚቃጠለው ሲነሣ ነው። ያን ቀን በቆመው ጥቅልል ውስጥ የተወተፈ ክር በግራ እጃቸው ሲጎለጉሉ፣ ካቦው ምሳውን ጨርሶ አፉን እየጠረገ መጣና «ዞር በል» እንኳ ሳይል ማብሪያውን ተጫነው።

በሦስተኛው ቀን እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ቢሮ ተጠሩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል።

«ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«ተጎድተሃል ነው የሚለው። ጣትህን አሳርፍበት» አላቸው ጸሐፊው።

«የትኛውን?»

ቢሮው በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው ቀልድ አልነበረም የተናገሩት። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሳረፉ። በሳምንቱ ከሥራ ተባረሩ።

የወረቀቱ ግልባጭ በእናታቸው የልብስ ሳጥን ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ጋሽ ጆሮ ፊደል የቆጠሩት በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ የሆስፒታል በር ጠባቂ ሆነው ነው። አስተማሪ አልነበራቸውም። የመድኃኒት ካርቶንና ያደረ ጋዜጣ ይዘው፣ የጠፋቸውን ፊደል አላፊ አግዳሚውን እየጠየቁ ነው የተማሩት። ቃል መግጠም እንደቻሉ መጀመሪያ ያነበቡት ረጅም ጽሑፍ ያ ወረቀት ሆነ። «ሠራተኛው በራሱ ግዴለሽነት እጁን ማሽን ውስጥ በማስገባቱ» ይላል። ከሥሩ የእሳቸው አውራ ጣት አለ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ልክ እንደ ምስክር።

ሰው ቁጣን ዕድሜ ያበርደዋል ይላል። የእሳቸውን አላበረደውም። ጥርስ እንዳበቀለ ሕፃን ሌሊትና ቀን ሲያኝካቸው ኖረ እንጂ።

ሆስፒታሉ ማንበብ መቻላቸውን ሲያይ ከበር አንሥቶ የራጅ ፊልም መጋዘን ጠባቂ አደረጋቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ደግሞ ፊልም ቀረና የራጅ ምስሉ ሁሉ አንዲት ጥቁር ሳጥን ውስጥ ገባ። ጋሽ ጆሮም የእሷ ጠባቂ ሆኑ። ሳጥኗ ከሁለት የጫማ ካርቶን አትበልጥም። በውስጧ ምስሉን የሚይዙ፣ በሞተር እየተሽከረከሩ የሚሠሩ አራት ሃርድ ዲስኮች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ የሐኪሞቹ ኮምፒውተሮች በሙሉ በኔትወርክ ከእሷ ጋር ተያይዘዋል። ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ቢሞት ሦስቱ ሸክሙን ተካፍለው ምስሉን ያቆዩታል። ሁለት ከሞቱ ግን የስምንት ዓመቱ ሁሉ ይጠፋል። ጋሽ ጆሮ ይህን የሚያውቁት ከሳጥኗ ጋር የመጣውን የባዕድ ቋንቋ መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈቱ፣ በሳምንት አንድ ገጽ ስላነበቡት ነው። ጠረጴዛቸው ከሳጥኗ አጠገብ ስለሆነ ድምጿን ከራሳቸው ትንፋሽ ለይተው ያውቁታል። ማራገቢያዋ አቧራ ሲይዝ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። ጆሮ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚሁ ነው።

ታዲያ አዲስ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ተሾመ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ። በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ዲስኮቹ አምስት ደቂቃ ሥራ ሲያጡ ቆመው እንዲተኙ አዘዘ፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ። ሁለተኛ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሳጥኗን በየስድስት ደቂቃው «ጤናሽ እንዴት ነው? ዲስኮችሽ ሞቁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጫነ። ሳጥኗ ደግሞ ለመመለስ ዲስኮቹን መቀስቀስ አለባት። ሁለቱንም ለየብቻ ቢያዩአቸው አይከፉም። አብረው ሲሆኑ ግን ዲስኮቹ በአምስተኛው ደቂቃ ይተኛሉ፣ በስድስተኛው ይነሣሉ፤ ቀንም፣ ሌሊትም፣ በዓልም።

ጋሽ ጆሮ በመጀመሪያው ቀን ሰሙት። ጠቅ… ከዚያ ዥ…ዥ…ዥ። ያ የክር ሞተር ከምሳ በኋላ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ታናሽ ወንድም። ተነሥተው ኃላፊው ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ሳጥኗን እንቅልፍ ነሣሃት።»

«እንዴ ጋሼ! እንቅልፍ የሰጠኋት እኔ አይደለሁ?» ብሎ ሳቀ።

«ትሰጣትና ሳትጠግብ ትቀሰቅሳታለህ። በሽተኛ ቀስቅሶ 'እንቅልፍ ወሰደህ ወይ?' እንደሚል ጠያቂ ሆነሃል።»

«ይሄ እኮ የክር ማሽን አይደለም። ዘመናዊ ዕቃ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት አይልቀሙ፣ ጋሼ።»

«ሞተር አለው?»

«አለው፤ ግን…»

«ሞተር ካለው አውቀዋለሁ።»

«በየትኛው ትምህርት?»

ጋሽ ጆሮ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በዚህ።»

ኃላፊው ለአፍታ ዓይኑን ሰበረ። በማግስቱ ግን በኮሪደሩ «የሃርድ ዲስክ ሐኪሙ እንዴት አደሩ?» የሚለው ቀልድ ዞረ፤ ማን እንዳስጀመረው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

እሳቸው ደብተር ገዙ። ጸጥ ባለ ሰዓት አሥር ጊዜ ትነሣለች። ሥራ በሚበዛበት ጠዋት ዲስኮቹ ለመተኛት ፋታ ስለማያገኙ ይቀንሳል፤ በቀን በቀን ግን ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል። መመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ዲስክ አምሳ ሺህ ጊዜ ቆሞ እንዲነሣ ተደርጎ እንደተሠራ ተጽፏል። በእርሳስ አካፈሉት፦ ሁለት መቶ አምሳ ቀን። ይህን ጽፈው ለኃላፊው ሰጡት። ወረቀቱን በሳምንቱ ከአንድ ያደረ ስኒ ሥር አገኙት።

በሁለት መቶ አርባ አንደኛው ቀን የሦስተኛው ዲስክ መብራት ቀይ ሆነ፤ ዲስኩ ሞተ።

ኃላፊው ሮጦ መጣ፣ አየ፣ አላበው፣ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ለጋሽ ጆሮ ደብዳቤ ደረሳቸው። ቆመው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። «የሳጥኑ ጠባቂ በግዴለሽነት ከግድግዳው ማብሪያ በተደጋጋሚ በማጥፋትና በማብራት ዲስኩን በማበላሸታቸው» ይላል።

ግዴለሽነት። ያው ቃል። ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ኮት ለብሶ፣ በኮምፒውተር ተጽፎ መጣ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አላቸው ኃላፊው፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

«ልፈርም ወይስ ጣቴን ላሳርፍ?»

«ምን?»

«ጣት ከሆነ፣ የትኛውን?» ብለው ጮኹ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር ባለው የእግር ስፌት መኪናዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ምሳው ቀርቧል። አልቀመሱትም፤ ነገሩን ነገሯት።

«ፈርመህ ተገላገል» አለች፣ ጨርቁን እየገፋች። «ለጡረታህ ስድስት ወር ቀረህ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ያልኩ ጊዜማ ጣቴ ነው የነቀዘው።»

«ስምንት ወር ሙሉ በየምሳው የሳጥን እንቅልፍ ስትቆጥርልኝ ከረምክ። የእኔን እንቅልፍ አንድ ቀን ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«አንቺ ስትነሺ ጠቅ አትዪም።»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ እግሯን ከፔዳሉ አነሣችና ባሏን ትኩር ብላ አየች። ምሳው እንደቀረበ ነው። «እንዲህ የሆንከው በዲስኩ ነው?»

«አዲስ ዲስክ ነገ ይገባል። እሱን ለመሙላት ሦስቱ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ዕረፍት መሥራት አለባቸው። እነሱም ከሞተው እኩል ተንገላተዋል። አንዱ ካቃተው የስንቱ ሰው ሳንባ፣ የስንቱ ሰው አጥንት ይጠፋል። ከዚያ በእኔ ይጻፋል። አንቺ ሆዬ፣ እኔ ሁለተኛ በውሸት አልጻፍም!»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እንግዲያው ደብተርህን እንዳትረሳ።»

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ራሷ ሐኪም ናት፤ በየቀኑ ከዚያች ሳጥን የራጅ ምስል ታያለች። ጋሽ ጆሮ ከምሳ በኋላ ደብተራቸውን ይዘው ቢሮዋ ሲገቡ ኃላፊው ቀድሟቸው ተቀምጧል።

«ዶክተር፣ እኔ አልፈርድባቸውም» ይላል በለሰለሰ ድምፅ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ሳያውቁት ነክተውት ይሆናል።»

ይህ ከደብዳቤው በላይ አንገበገባቸው። ግን አልጮኹም።

«ምሕረት ልለምን አልመጣሁም» አሉ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ። ሳጥኗ ክፍል ሦስታችንም እንቀመጥ፤ ማንም አይናገር።»

ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች። «እንሂድ፣ ጋሼ።»

በጠባቧ ክፍል ሦስት ወንበር ሲገባ ጉልበት ለጉልበት ተነካኩ። ዝም አሉ። ማራገቢያው ብቻ ይነፍሳል። ኃላፊው ስልኩን አወጣ፤ ዳይሬክተሯ በዓይኗ መለሰችው። ከዚያ ከሳጥኗ ሆድ ውስጥ አንድ ረጅም ድምፅ እየቀጠነ ሄደና ጠፋ።

«ተኛች» አሉ ጋሽ ጆሮ።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ጠቅ… ዥ…ዥ…ዥ። አንደኛው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። የመጨረሻው እንደ አስም በሽተኛ ሲያጣጥር ቆይቶ ተነሣ።

«ማን ቀሰቀሳት?» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እጄ ይኸው። ጣቶቼ ስምንት ናቸው፤ ቁጠሯቸው። አንዱም ማብሪያ ላይ የለም።»

ደግሞ ጠበቁ። ደግሞ ተኛች። ደግሞ ጠቅ አለች።

«የራጅ ምስል ስከፍት ግማሽ ደቂቃ የምታስጠብቀኝ ለዚህ ነው እንዴ?» አለች ዳይሬክተሯ። ወደ ኃላፊው ዞረች። «ስንት ጊዜ እንደተነሣች የምትመዘግብበት የለም?»

አለ። የዲስኮቹን ጤና የሚያሳይ ገጽ ነው፤ ፕሮግራሙን የጫነው ሰውዬ ግን ያን መስመር ከፍቶ አይቶት አያውቅም። በጋሽ ጆሮ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ከፈተው። አርባ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና። ጋሽ ጆሮ የደብተራቸውን የመጀመሪያ ገጽ ገለጡ፤ ኃላፊው በመጣበት ሳምንት ከዚያው ገጽ የገለበጡት ቁጥር ነው፦ ስልሳ አንድ።

«ሰባት ዓመት፣ ስልሳ አንድ» አሉ። «ስምንት ወር፣ አርባ ስምንት ሺህ። እንግዲህ የማነው ግዴለሽነት?»

ኃላፊው ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየ። «ሁለቱን… አብሬ አላሰብኳቸውም።»

«ነግሬሃለሁ! ጽፌ ሰጥቼሃለሁ! ስኒ አስቀመጥክበት!»

ዳይሬክተሯ እንቅልፉን አሁኑኑ አጥፋው አለች። ሦስት ጊዜ ጠቅ አደረገና «በጭራሽ አይተኛ» የሚለውን መረጠ። ስምንት ወር የፈጀው ነገር ይኸው ነው። ጥያቄውንም በቀን አንድ ጊዜ አደረገው። በማግስቱ አዲሱ ዲስክ ገባ፤ ጋሽ ጆሮ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበራቸው ሳይነሡ አደመጡ። ሦስቱ ሽማግሌ ዲስኮች ሸክማቸውን ሳይጥሉ አደረሱ። ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ ተቀየሩ።

ኃላፊው ደብዳቤውን ዓይናቸው እያየ ቀደደው። «በቃ ጋሼ፣ የለም።»

«መቅደድ እርማት አይደለም» አሉት። «ሲጻፍብኝ በወረቀት ነበር፤ ሲነሣልኝም በወረቀት ይሁን። ተቀመጥና ጻፍ።»

ጻፈ። ጥፋቱ ከራሱ ትዕዛዝ እንደመጣ፣ ጠባቂውም ቀድመው እንዳስጠነቀቁ። በአፉ ይቅርታ አላለም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ሙሉ ስማቸውን ፈረሙበት። ዛሬ በእናታቸው ሳጥን ውስጥ፣ አውራ ጣታቸው ካለበት ወረቀት በላይ ተቀምጧል።

ጡረታ በወጡበት ቀን የሥራ ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው፣ በሕይወትዎ ትልቁ ነገር ምን ነበር ብለው ጠየቋቸው። ሁሉም የዋዛ መልስ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ኃላፊውን ፊት ለፊት እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ትልቁ ነገር ማንበቤ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ጣቴንም ወሰዱ፣ ጥፋቱንም በእኔ ጻፉ፤ ምን እንደሚል ሳላውቅ አተምኩላቸው። ሁለተኛው ሲመጣ አነበብኩት። እናንተም ማሽን ልትነኩ ስትሉ አጠገቡ የቆመውን ሰው ጠይቁት። አንጠይቅም ካላችሁም፣ ሲበላሽ በእሱ አትጻፉ። ማንበብ ይችል ይሆናል።»