«አብሽር» ያልኩበት እሑድ

ችኩል ነኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በምሠራበት ዘመን፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ደሴ የምትወስደኝ ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወጣ ከሹፌሩ በላይ የምቸኩለው እኔ ነበርኩ። ጌምም የምወደው እንደዚያው ነው፦ ቶሎ ቶሎ ፈረሰኛ አሠልጥኖ፣ ጠላት ሳይነቃ ከተማውን ማንደድ። ሚሊኒየሙ በተከበረ ሰሞን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ደሴ አባቴ ቤት አስቀመጥኩ። ጌም የጫነልኝ ባለሱቅ ግን ተሳስቶ ሌላ ዓይነት ጭኖልኝ ተገኘ። ይሄም የድሮ ዘመን ጦርነት ነው፤ ነገር ግን ወታደሩ ይርበዋል፣ ዝናብ ሲጥል በቅሎው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ እህል ከጎተራ ጦሩ ዘንድ እስኪደርስ ወር ይፈጃል። «ይሄ ጌም ነው ወይስ ቀበሌ?» ብዬ ልሰርዘው ስል አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ቆይ እስቲ» አለኝ። «የእነዚህ ስንቅ በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

አባቴ በቀድሞው ሠራዊት ስንቅ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ቤቱ ገባ፤ ስለዚያ ዘመን ግን ትንፍሽ አይልም። ደግሞም ወሎ ተወልዶ «አብሽር» የማይል ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። እኛ አገር ለታመመውም፣ ለከሰረውም፣ መኪና ላመለጠውም አብሽር ነው፤ አይዞህ፣ ይሆናል እንደማለት። እሱ «እንግዲህ እናያለን» ነው የሚለው። ጎረቤት በዚህ ያማው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ሁለታችን ኮምፒውተሩ ፊት ነን። ማውሱን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ያዛል። መንገድ ጥረግ፣ ወንዙ ማዶ ጎተራ ሥራ፣ በቅሎዎቹን አሳርፍ። ሦስት እሑድ ሙሉ አንድ ቀስት አልወረወርንም። እኔ አንጀቴ እያረረ፣ እሱ መነጽሩን ጠርጎ በየጎተራው ለስንት ወር የሚበቃ እህል እንዳለ ያስነብበኛል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በሦስተኛው እሑድ «እኛም አንዴ…» ብሎ ወሬ ሲጀምር፣ «ቆይ አባዬ፣ ዝናቡ ሊያባራ ነው» አልኩት። ተወው።

በአራተኛው እሑድ ዙሁር ሊሰግድ ጓዳ ገባ። ለመዝመት አንድ ጎተራ ብቻ ነበር የቀረን። አላስቻለኝም። ጊዜውን የሚያፈጥነውን ቁልፍ ተጫንኩና ሠራዊቱን ያለ ስንቅ ወደ ከተማው ነዳሁት። ሰግዶ ሲመለስ ጦሩ መንገድ ላይ ነው፤ ከወታደሮቹ በላይ የረሃብ ምልክት በርቷል።

«ስንቁስ?» አለኝ።

«አብሽር አባዬ! ረሃቡ ሳይጥላቸው እንደርሳለን።»

ደረስን። ያውም አሸነፍን። መለከት ተነፋ፣ ባንዲራችን ተሰቀለ፣ እኔም ከወንበሬ ዘለልኩ። አባቴ ግን ጣቱን እስክሪኑ ጥግ ላይ አሳርፎ በረሃብ መንገድ ላይ የቀሩትን ቁጥር ያይ ነበር።

«እነዚህስ?»

«ጌም እኮ ነው፣ አባዬ!»

«እህ» አለና መነጽሩን አውልቆ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ስጠራው ዓይኑን እንደሚያመው ነገረኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ያንን ሰርዤ ፈጣኑን አስጫንኩ። ያ ደስታዬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ለቅሶው ላይ ከሐርቡ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ፤ በሠራዊቱ አብረውት ሹፌር የነበሩ ናቸው።

«አባትህ፣ አላህ ይርሐመው፣ አንድ ነገር እንደቆጨው ኖረ» አሉኝ። «ምሽግ ላሉ ልጆች ያለችውን ብስኩት አራግፎላቸው ሲመለስ፣ ‹አብሽሩ፣ ነገ ጠዋት ስንቅ ይዤ እመጣለሁ› አላቸው። ማታውን መንገዱ ተቆረጠ። ወላሂ፣ ለምኖም አልቅሶም አለቆቹ አላሳለፉትም። በስንት ቀኑ ሲደርስ ስንቁን የሚበላ ሰው በሕይወት አላገኘም። አላጫወተህም?»

«አላጫወተኝም» አልኳቸው። «እኛም አንዴ» ብሎ ሲጀምር ያቋረጥኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። አንድ ጎተራ ነበር የቀረው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ በጌምም ቢሆን፣ እነዚያን ልጆች አብልቶ ሊያሳድር አንድ ጎተራ።

ሽማግሌው ማልቀሴን ሲያዩ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ።