ከእንጦጦ ያወረድኩት የጠላ ውሃ

ያን ዕለት የማኅበሩ ተራ የጎረቤቴ የዘውዴ ነበር... ጠላውን አንዴ ተጎነጨሁና ዋንጫውን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ምነው?» አለኝ።

«ይኼ ጠላ ነው ወይስ የሐኪም ቤት ወለል የታጠበበት?» አልኩት። የንስሐ አባታችን ፊት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ።

ዛሬ ቢሆን አልናገርም ብል ውሸት ነው... እናገራለሁ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው፣ እሷንም ቃሌን አታለሰልሺው ብያታለሁ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ ነው፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። ቧንቧ ሰፈራችን ከገባ ገና ዓመቱ። ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ክሎሪን የሚባል ስም ያኔ ማን ያውቃል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ሴቶቹም ሳሙና ጨረሰብን ይላሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ውሃ ግን በምላሴ አነባለሁ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት በአህያ ሳወርድ የኖርኩ ሰው፣ የየምንጩን ጣዕም ለይቼ አውቃለሁ።

ዘውዴ ሲሸኘኝ በር ላይ ክንዴን ያዝ አደረገ።

«ከሁለት ወር በኋላ ተራው ያንተ ነው። ከሁሉም ቀድሜ ነው የምመጣው» አለኝ።

ይኼ ነገር ሰላም ነሳኝ። የእኔም ጠላ መድኃኒት ከሸተተ፣ ያ ሁሉ ማኅበርተኛ አፍ አለው... ሰፈር ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ አልችልም።

ጠላ የሚጠነሰስበት ጊዜ ሲደርስ ባለቤቴን አጸደን፣ «የቧንቧ ጠብታ እንዳይነካው፣ ውሃውን እኔ አመጣለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለች። አጸደ ሳትከራከር እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

አራት ቀን ሙሉ እንጨቱን ትቼ በሁለት አህያ ውሃ አወረድኩ። ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ጣኒካው እየተንገጫገጨ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ምንጩ ጋ ደግሞ ከእኔ በቀር ወንድ የለም። አንዷ ሴትዮ አየችኝና፣

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ታመሙ እንዴ?» አለችኝ።

«ደህና ናት።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አጥፍተው ነው?»

ጓደኞቿ እንስራቸውን አስቀምጠው ሳቁብኝ። ቻልኩት... ለጠላው ስል።

የማኅበሩ ቀን ዘውዴ እንዳለው ቀድሞ መጣ። ዋንጫውን አሸተተ። ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አንከባለለው። ሁለተኛ አስቀዳ። ሦስተኛው ላይ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣

«ተረታሁ። እንከን የለውም» አለ።

እኔማ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ነገሩ ውሃው ነው» አልኩ። «እንጦጦ ያለውን ቧንቧ አያመጣውም። ምላስ ያለው ሰው ይለየዋል።» የንስሐ አባታችንም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ዘውዴ ትንሽ አሰበና፣ «ጥር ላይ ልጄን ልድር ነው፣ ምንጩን አሳየኝ። ነገ ማለዳ አህያ ጭኜ እወጣለሁ» አለኝ።

ዘውዴ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደጃፉ ያለችውን ደረጃ እንኳ አርፎ ነው የሚወጣት። እኔ ግን ደስታው ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ፣ «ማሳየቱንስ አሳይሃለሁ... ዳገቱን ትችለዋለህ?» አልኩት።

አጸደ የጠላውን ማሰሮ ይዛ አጠገባችን ቆማለች።

«ጋሽ ዘውዴ፣ በዚህ ጉልበትዎ በከንቱ አይልፉ» አለች። «የቧንቧ ነው።»

«ምኑ?» አልኩ።

«ጠላው። የቧንቧውን ውሃ አፉ በተከፈተ ጋን ውስጥ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት፣ ሽታው በኖ ጠፋ።»

«የእኔስ ውሃ?»

«ልብስ አጠብኩበታ። ሳሙናው እንዴት አረፋ እንደሚያወጣ ቢያዩት... የለበሱት ጋቢ ራሱ በእሱ የታጠበ ነው።»

ማኅበርተኛው ሁሉ ዞሮ ጋቢዬን አየ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም። ዘውዴ እስኪያስለው ሳቀ፣ የንስሐ አባታችንም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ዋንጫዬን ዘረጋሁና፣ «ቅጂልኝ» አልኳት።

አህዮቼ እስኪያረጁ ድረስ ከእንጦጦ ውሃ ማውረዴን አልተውኩም... ለልብስ።