የሚያነክሰው ማዕበል

ቬሳ ኮርተሶያ ክፉ ሰው አይደለም። ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ኋላ ሌባ ሲባል ሊፈርድበት የሚቸኩል ሰው እንዳይበዛ። የጎረቤቱን በረዶ ሳይጠየቅ ይጠርጋል፤ ሲያመሰግኑት ጆሮው ይቀላል። ኮኮላ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለች ቀይ የእንጨት ቤት ከሚስቱ ከሳቱ ጋር ይኖራል። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው።

ሥራው የኮምፒውተር ጌም ነው። ደሴቱንና ጀልባውን የሚስለው ግን ሌላ ሰው ነው። ቬሳ የሚጽፈው ከስር ሆኖ ሁሉን የሚያንቀሳቅሰውን፣ ባለሙያዎቹ «ሞተር» የሚሉትን ኮድ ነው። ነፋሱ የሚነፍሰው፣ ሸራው የሚወጠረው፣ ውሃው የሚናወጠው በዚህ ሞተር ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከባልደረቦቹ ጋር የሠሩት «የደሴቶች ጀልባ» የሚባለው ጌም ተኩስ የለበትም፣ ጠላት የለበትም። ተጫዋቹ በትንሽ ጀልባ ከደሴት ደሴት እየቀዘፈ ፖስታ ያደርሳል፤ በቃ። ሰው የወደደው ስለ ባሕሩ ነው። ባሕር ላይ ያረጁ ሰዎች እንኳ «ይሄስ እውነተኛ ውሃ ነው» ይሉለታል።

አንድ እንከን ብቻ አለው። በየሩብ ሰዓቱ ገደማ ማዕበሉ አንድ ጊዜ ያነክሳል፤ እንቅፋት እንደመታው ሰው ወደፊት ደፋ ይልና ተመልሶ መንገዱን ይቀጥላል። ተጫዋቾቹ ይህንንም ወደዱት። ባነከሰ ቁጥር ከያሉበት «እኔን!» ብለው ይጻጻፋሉ። ቬሳ ግን በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ስቆ አያውቅም።

ባለፈው ሰኔ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ኡላ ሥራውን ልትዘጋ መሆኑን ነገረችው። ድሮም የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ቬሳና አንድ ሠዓሊ። ሠዓሊው ሌላ ቦታ ተቀጥሯል፤ ኡላም ወገቧን ታምማለች።

«አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጌሙን እየተፉት ነው» አለችው። «እኛ ከዘጋን የሚጠግነው የለም። ሞተሩን በኢንተርኔት ለሁሉም እንልቀቀው። የፈለገ ከፍቶ ያንብበው፣ ያስተካክለው፣ የራሱን ይሥራበት።»

«ይሰርቁታል።»

«ምኑን ነው የሚሰርቁት? ሽማግሌ እኮ ነው። ሥዕሉንና ሙዚቃውን አንሰጥም፤ ኮዱን ብቻ።»

«የድምጽ ክፍሉ ከሌላ ድርጅት የተገዛ ነው። የእኛ ስላልሆነ መስጠት አንችልም።»

«እሱን አውጣው። በቦታው ሌላ የሚሠራ አይጠፋም።»

«ኮዱ ራሱ ያሳፍራል። በየመሃሉ ማስታወሻ ብዬ የጻፍኩትን ስድብ ብታዪው!»

«አይቼዋለሁ፤ ግማሹ ስለ እኔ ነው» አለች ኡላ። «ስማ ቬሳ፣ ሦስት ምክንያት ሰጠኸኝ። አራተኛውን፣ እውነተኛውን፣ መቼ ነው የምትነግረኝ?»

ቬሳ መስኮቱን አየ። ኡላም የምታውቀው ሰው ነውና አላስጨነቀችውም፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ ሰጠችውና ከመሳቢያዋ አንድ ደብዳቤ አውጥታ አቀበለችው። የጻፉት ሰው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእውነት የፖስታ ጀልባ ሲነዱ ኖረዋል። «ጉልበቴ አሁን ጀልባ ላይ አያወጣኝም» ይላል ደብዳቤው። «የእናንተን ጌም ስጫወት ግን አገሬ እገባ ነበር። ልጄ አዲስ ኮምፒውተር ገዛችልኝና ባሕሩ አልከፈት አለኝ። እባካችሁ ባሕሬን መልሱልኝ።» ቬሳ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሱሪ በለወጠ ቁጥር ወረቀቱን አብሮ ያዛውር ነበር።

አራተኛው ምክንያት ኢልፖ ራውትያላ ይባላል።

ቬሳና ኢልፖ በአንድ ወንበር የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ያበዳቸው ወጣቶች በየበጋው ማሽናቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመው ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሦስት ቀን እዚያው እየበሉ፣ ጠረጴዛ ስር እየተኙ፣ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል እየሠሩ ይወዳደራሉ። በር አይቆለፍም፣ ዕቃ አይጠበቅም። ደንቡ አጭር ነው፦ የሰው ኮድ ሳትጠይቅ አትንካ፤ ከወሰድክም ስሙን ጥራ። እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ በስክሪኑ ላይ የስም ዝርዝር ይወርዳል። «ሰላምታ» ይሉታል። ያገዘህም፣ የምትወደውም፣ የምትፎካከረውም ሰው ስሙ እዚያ ይገባል። የቅርብ ወዳጅን ስም ከሰላምታ ማስቀረት ለቅሶው ላይ እንደ መቅረት ነው።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት በአንዱ በጋ ቬሳ መርከብ ሠርቷል፤ ባሕሩ ግን እንደ ተነጠፈ ላስቲክ ፍንክች አይልም። ኢልፖ ደግሞ ማዕበል ብቻ ሠርቷል፤ ግን ምን ዓይነት ማዕበል! «አላስገባውም፣ ገና ትንሽ ያነክሳል» አለና ዲስኬቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሐይቅ ሊዋኝ ወጣ። ቬሳ ቀዳው። ሲመለስ ሊጠይቀው አስቦ ነበር፤ በእርግጥ አስቦ ነበር። ኢልፖ ግን ሲመለስ አባቱን ለድርቆሽ አጨዳ ሊወስዱት በር ላይ ቆመው አገኛቸው፤ ዲስኬቱን አንስቶ፣ እጁን አውለብልቦ ሄደ። «ልውሰደው ወይ?» የምትለዋ ቃል ቬሳ አፍ ውስጥ ቀረች።

የቬሳ መርከብ በኢልፖ ማዕበል ላይ ሄዳ ሁለተኛ ወጣች። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ የሰላምታው ዝርዝር ወረደ፤ አርባ ሁለት ስም። የኢልፖ ስም የለም። ሊጽፈው ሞክሮ ነበር፤ ስሙን ያየ ሁሉ ማዕበሉንም የሚያውቅበት መሰለውና እጁ እምቢ አለው። በሳምንቱ ኢልፖ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወለ። ቬሳ ሁለቱንም ጊዜ እናቱን «የለም በይልኝ» አላት። ስልኩ ከዚያ ወዲያ አልጮኸም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ያደምቃል እንጂ፤ ጣጣው ባጌጡበት ቁጥር ባለቤቱ በር የሚያንኳኳ መምሰሉ ነው። ያ ማዕበል የሞተሩ ልብ ሆነ፤ ቬሳን ሃያ ስድስት ዓመት አበላው። ማነከሱን ግን ሊያድነው አልቻለም። የራሱን ኮድ ቢሆን በግማሽ ቀን ያርመው ነበር፤ የኢልፖን አእምሮ ግን ስንት ዓመት ቢያፈጥበት አልገባው አለ። ለሌላ ሰው እንዳያሳየው ደግሞ «ይሄን ማን ጻፈው?» የምትለውን ጥያቄ ፈራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ነሐሴ ገባ። ሳቱ ቢጫዋን የረግረግ እንጆሪ የምትለቅምበት ጊዜ ነው። ቦታውን ከእናቷ በቀር ማንም አያውቀውም። ባሏ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እየነዳ አድርሷት መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ይጠብቃል እንጂ ጫካው ውስጥ ተከትሏት አያውቅም። ባልዲዋን ሞልታ፣ ቦት ጫማዋ በጭቃ ተለስኖ ስትመለስ፣ ቬሳ ደብዳቤውን ሰጣትና የኡላን ሐሳብ ነገራት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀው እንጂ!»

«አንቺስ ይሄን ረግረግ ለእህትሽ እንኳ ታሳያለሽ?»

«አላሳይም። ጫካው ግን የሁሉም ነው፤ በራሱ እግር መጥቶ የሚለቅመውን ውጣ አልለውም። ጉልበቴ እምቢ ያለ ቀን ደግሞ እነግራለሁ፤ መሬት ላይ ከሚበሰብስ ላንተም ቢሆን አሳይሃለሁ!» ሳቀች። «ደግሞ እኔ ረግረጉን ከማንም አልሰረቅሁትም።»

ለቀልድ ያለችው ነው። ቬሳ ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ «እኔ ሰርቄዋለሁ» አለ።

ሁሉንም ነገራት። ሳቱ ባልዲውን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ሰማችው። ሲጨርስ፣ «ለዚህ ነው በየሩብ ሰዓቱ ፊትህ የሚጠቁረው?» አለች። ቀጥላም፣ «ሂድና ንገረው። ባዕድ ሰው ከኮድህ ውስጥ ሳያነበው፣ እሱ ካንተ አፍ ይስማው።»

ኢልፖ ካላዮኪ በምትባል ከተማ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ቬሳ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ደረሰ። ኢልፖ ሰውነቱ ሰፍቷል፣ ፀጉሩ ሳስቷል፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠውና ከመጠገኛው ጓዳ ቡናና ቂጣ ዳቦ አመጣ።

«ቆየን» አለ ኢልፖ።

«ቆየን።»

«ዝናቡ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?»

«ሐምሌ ላይ በዝቶ ነበር።»

«እኛም ጋ በዝቶ ነበር።»

ሁለተኛውን ቡና ቀዳለት። ቬሳ ጠጣ። ሦስተኛውን ቀዳለት። ቬሳ ጠጣ። ኢልፖ ቂጣውን እየቆረሰ፣ ቀና ሳይል፣ «ያ ጌምህ አሁንም አለ?» ሲል ጠየቀው።

«አለ።»

«ጥሩ ነው።»

ቬሳ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደ ተንጠለጠለው የጀልባ ሞተር ቀስሮ፣ «ይሄ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» አለ።

«አሥራ አምስት።»

ቬሳ ተነሣ፣ አመሰገነ፣ ወደ ኮኮላ ነዳ።

«ነገርከው?» አለች ሳቱ ደጅ ላይ።

«ስለ ዝናቡ አወራን።»

«ሠላሳ ዓመት ቆይተህ ስለ ዝናብ! ወይ የኔ ጌታ፣ እናንተ ወንዶች አፋችሁን ለምግብ ብቻ ነው እንዴ የያዛችሁት?»

ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት አለ። ለሌላ ነገር እውነት ይሆናል፤ የቬሳ ዝምታ ግን ነቅዞ ነቅዞ ዱቄት ሊሆን ምንም አልቀረው።

በአፉ ያቃተውን በጣቱ አደረገው። የነሐሴ የመጨረሻ ዓርብ ቢሮ ተቀምጦ፣ ከማዕበሉ ኮድ በላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህ ማዕበል የኢልፖ ራውትያላ ነው። ሳልጠይቀው ወሰድኩት። ስሙንም ሰላምታ ላይ አልጻፍኩም። ሠላሳ ዓመት አፍሬበታለሁ። ቬሳ ኮርተሶያ።» ኡላ በትከሻው ላይ አንብባ፣ «አራተኛው ይሄ ነበር?» አለችው። «ይሄ ነበር» አላት። «በል ልቀቀው» አለችና የመልቀቂያውን ቁልፍ ሲጫን እስክታይ ድረስ እጇን ከትከሻው አላነሣችም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበዱት። በዚያ አዳራሽ አብረውት የነበሩ አንዳንዶች አንብበው፣ «ያን ጊዜ ያጨበጨብኩልህን መልስልኝ» ብለው ጻፉበት። እውነታቸውን ነው። ሞተሩ ግን ተመልካች አላጣም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቬሳ አገራቸውን እንኳ ከማያውቃቸው ሰዎች አንዱ የድምጹን ክፍል ሠራ፣ አንዷ ስክሪኑን አስተካከለች፣ ሌላው ስድቦቹን ሰብስቦ በፊደል ተራ አስቀመጣቸው። በስድስተኛው ቀን የፖስታ ጀልባው ሽማግሌ አጭር ደብዳቤ ላኩ፦ «ባሕሩ ተከፈተ። ዛሬ ሦስት ደሴት አዳረስኩ።» ቬሳ ያንንም አጥፎ ከመጀመሪያው ጋር ኪሱ ከተተው።

ከካላዮኪ ግን ድምጽ የለም። ቬሳ በየቀኑ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያያል። አንድ ቀን ሳቱ «ደውልለት» ስትለው ስልኩን አንሥቶ፣ ይዞት ቆሞ፣ መልሶ አስቀመጠው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ አንድ እርማት ተልኮ አገኘ። የተለወጡት አራት መስመሮች ብቻ ናቸው። ላኪው ኢልፖ ራውትያላ ነው። ከስሩ እንዲህ ይላል፦

«ማዕበሉ የሚያነክሰው ጊዜውን የሚቆጥረው ቁጥር ሞልቶ ስለሚፈስ ነው። ያረምኩት በዚያው ሳምንት፣ ከድርቆሹ በኋላ ነው። ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ጌምህን መጀመሪያ ያየሁት ሱቅ መስኮት ላይ ነው፤ ቆሜ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ሲያነክስ የኔ መሆኑን አወቅሁ። ተናድጄ ነበር፤ ከማዕበሉ ይልቅ ሰላምታው ነው ያናደደኝ። ያን ቅዳሜ ለምን እንደመጣህም ገብቶኛል፤ ሦስት ቡና ለዝናብ ወሬ ማንም አይጠጣም። ስሜን ከላይ አውርደው፤ የሐውልት ጽሑፍ ይመስላል። ታች ከሌሎቹ መሃል አስገባው፤ ያኔ መሆን የነበረበት ቦታ።»

ቬሳ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለት ስልክ። አንዱን ብቻ አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ማዕበሉም ይድን፣ ጓደኛውም አይጠፋ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማንኪያውን አስቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ የድሮውን ሥራ ከዲስኬት ሳጥን አውጥቶ የሰላምታውን ዝርዝር አገኘ። አርባ ሁለቱን ስሞች አንድ በአንድ ሞተሩ ውስጥ ገለበጠ፤ ሃያ አንደኛው ላይ ሲደርስ ኢልፖን ጨመረና ቀጠለ። እርማቱንም አስገባና ጌሙን ከፈተው። ጀልባዋ ከወደቡ ወጣች። ሳቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ አሥራ አምስት፤ ሃያ። ቬሳ ከልምዱ የተነሣ ትንፋሹን ይዞ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ይጠብቅ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሳቱ።

«አላነከሰም» አላትና ስልኩን አንሥቶ ደወለ።