የሴና ጎል እና የእማማ ወለተሰንበት ድንኳን

ጨዋታው የተካሄደው ግንቦት ሁለት ቀን ነበር። ነበር ልበል? ልደታ በነገሠች ማግስት መሆኑን አስታውሳለሁ፤ ወደ ሜዳው ስንሄድ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተረገጠ ቄጤማ አይቻለሁ። ኢዶሳ ግን ሳምንት ቆይቶ ነው ይላል። ዝናቡን ምስክር ይጠራል። በዚያ ሰሞን የዘነበው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነበር፣ ጭቃ ባይሆን ተከላካይዋ አትንሸራተትም ነበር ይላል። ዝናቡን ልቀበል ስል ቄጤማው ይመጣብኛል፤ ቄጤማውን ስይዝ ጫማዬ ላይ የቀረው ጭቃ ትዝ ይለኛል። ቀኑን እንኳ አስተካክዬ መናገር ካቃተኝ፣ ያቺ ጎል ከጨዋታ ውጪ ነበረች ወይስ አልነበረችም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከእኔ ምን ሊያገኝ ነው?

ኢዶሳ አብነት ሰፈር ውስጥ ሶፋ ሠሪ ነው። ከአንድ ጋራዥ ጎን ባለች ጠባብ ቤት የሰው አሮጌ ሶፋ ገፎ እንደ አዲስ ያለብሳል። ሃምሳን አልፏል፤ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ድምፁ ግን ከሰውነቱ ጋር የማይሄድ ቀጭን ነው። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ከወለጋ መጥቶ እዚሁ አደገ። አንድ ክፍል ተምረናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱ ስፖንጅ መቁረጥ ለመደ። ባለቤቱ ፋዮ ከሞተች ወዲህ ከአንዲት ልጁ ከሴና ጋር ይኖራል። ሸራ መስፋት ስለሚችል እድራችን ድንኳኑን በኃላፊነት ሰጥቶታል፤ ሰው ሲሞት የሚተክለው፣ በሠልስቱ የሚነቅለው፣ የተቀደደውን የሚጥፈው እሱ ነው።

ሴና በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች፤ የኮሌጁ የሴቶች ቡድን አጥቂም ናት። ቡድኑ ለኮሌጆች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ የሰፈራችን ሰው ሥራውን ጥሎ ሜዳ ገባ። አንድ ለአንድ ነበሩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሴና ከተከላካዮቹ መሃል ሾልካ ወጣችና ኳሷን በግራ እግሯ መታቻት፤ መረቡ ተንቀጠቀጠ። ኢዶሳ ዘሎ አቀፈኝ። ከእቅፉ ስወጣ ሴና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ተነስቷል፣ ጎሏም ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሰርዛለች። በመለያ ምት ተሸነፉ። የመጨረሻዋን ምት ወደ ሰማይ የላከቻት ራሷ ሴና ናት።

የመሃል ዳኛው መምህር ሸዋንግዛው ነው። እሱም የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የስፖርት መምህር። የተመደበው ዳኛ ታሞ ቀርቶ በመጨረሻ ሰዓት ነው የተጠራው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ሜዳ በልጅነታችን ሦስታችንም ስንጫወት፣ እሱ ኳስ ስለማይችል ዳኛ አደረግነው። በሁለት ጣቱ ያፏጭ ነበር። በገዛ ወንድሙ ላይ ሪጎሬ ሰጥቶ ቤቱ ሲገባ መመታቱን አስታውሳለሁ። ሴናም አንደኛ ደረጃ እያለች ኳስ ያስተማራት እሱ ነው። ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ነው።

ከጨዋታው በኋላ በነበሩት ሳምንታት የኢዶሳ መሥሪያ ቤት ችሎት ሆነ። ልብሳቸው በተገፈፈ ሶፋዎች ላይ፣ በባዶ ስፕሪንግ ላይ ተቀምጠን ስንጨቃጨቅ እናመሽ ነበር። ሞባይል ጠጋኙ ሙሌ ጎሏን በስልኩ ቀርጿል። ችግሩ፣ ኳሷ ለሴና ልትሰጥ ስትል ከፊቱ የነበረች ሴትዮ ጃንጥላዋን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሚታየው ቀይ ጃንጥላ ብቻ ነው። ከጃንጥላው ጀርባ ጩኸት ይሰማል፣ ፊሽካ ይሰማል፤ ጃንጥላው ዝቅ ሲል ባንዲራው ተነስቷል።

«ስሙ! ጆሮ ያለው ይስማ!» ይላል ሙሌ ለስንተኛ ጊዜ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «መጀመሪያ ፊሽካ፣ ከዚያ ባንዲራ!»

«ባንዲራው መቼ እንደተነሳ በምን አየህ?» ይላል ዮፍታሔ። ዮፍታሔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ ሲናገር ጣቱን ያነሳል። «ጃንጥላ ነው የሚታየው። ጭብጡ አንድ ነው፤ ወይ ረዳት ዳኛው ባንዲራ አንስቶ ዋናው ነፋ፣ ወይ ዋናው ነፍቶ ረዳቱ አጀበው።»

«ረዳቱማ እንደ ታክሲ ረዳት ነው! ሹፌሩ ካቆመ በሩን ከመክፈት በቀር ምን ሥራ አለው?»

«ማስረጃ የለህም።»

«የጃንጥላዋን ሴትዮ ባገኛት ማስረጃውን አሳይህ ነበር! ጠብታ እንኳ ሳይወርድ እኮ ነው የዘረጋችው።»

«እንዴ፣ ዘንቦ የለ?»

«ኋላ ነው የዘነበው!»

«ኳሷ ስትመታ እየዘነበ ነበር!»

እንዲህ ስንል ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። እኔ ራሴ ኢዶሳ አቅፎኝ ስለነበር ምንም አላየሁም፤ ይህን ስናገር ይስቁብኛል። «የተማረ ሰው ሜዳ መጥቶ የሶፋ ሠሪ ደረት አይቶ ይመለሳል» አለኝ ሙሌ አንድ ቀን።

«እሺ፣ ለምን ብሎ ይነፋባታል?» አለ ዮፍታሔ። «ራሱ ያሳደጋት ልጅ አይደለች?»

«ለዚያ ነዋ! የሰፈሩን ልጅ አሳለፈ እንዳይባል ፈርቶ! ባዕድ ብትሆን ጎል ናት። አለቀ።»

ኢዶሳ እስከዚያ ድረስ ምስማር በጥርሱ ይዞ ሥራውን ይሠራ ነበር። ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«እኔ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው» አለ በዚያ ቀጭን ድምፁ። «ካሣ አልፈልግም፤ ጨዋታው ይደገምም አልልም። መምህርን ፊት ለፊት አግኝቼ፣ ባዕድ ብትሆን ኖሮ ትነፋባት ነበር ወይ ልለው ነው። በቃ።»

ለእሱ ነገሩ ወሬ አልነበረም። አንድ ክለብ ሴናን ለሙከራ ጠርቷት ነበር፤ ቀኑ እየቀረበ ነው፤ እሷ ደግሞ አልሄድም ብላለች። የኳስ ጫማዋን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ያልተጠናቀቀ ሶፋ ሥር ወርውራዋለች፤ ኢዶሳም ሶፋውን ሳይጨርሰው ትቶታል። አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት ስትመጣ እኔም ነበርኩ፤ እንዳኮረፈች ልጅ አልነበረም የምትናገረው።

«የሳትኳት ምት አይደለም ያሳመመኝ፣ አባ» አለችው። «ማንም ይስታል። እኔ ተከላካይዋን እንዳላለፍኳት አውቄ ነው የሮጥኩት። እርግጠኛ ነበርኩ። መምህር ደግሞ ዝም ብሎ አይነፋም። እሱ ልክ ከሆነ የት እንደቆምኩ አላውቅም ማለት ነው። የት እንደቆመች የማታውቅ አጥቂ ክለብ ሄዳ ምን ትሠራለች?»

«እጠይቀዋለሁ» አላት።

«ጎል ነበረች ካለህ ሰኞ ለሙከራው እሄዳለሁ። ካላለ ግን አታስቸግረኝ።»

መጠየቅ ግን ቀላል አልሆነም። መምህሩ የዘወትር መንገዱን ቀየረ፤ በእኛ በር ማለፉን ትቶ ዞሮ በላይኛው አስፋልት ይሄድ ጀመር። ኢዶሳ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ አንዴ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ወጥቷል ተብሎ ተመለሰ። «ንጹሕ ሰው አይሸሽም» አለ ሙሌ።

በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ሊነጋ ሲል፣ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። የሞቱት እማማ ወለተሰንበት ናቸው፤ የመምህር ሸዋንግዛው እናት። የሸሸን የመሰለን ሰውዬ ለካ በላይኛው አስፋልት በኩል ሆስፒታል ሲመላለስ ኖሯል። ወይም ሸሽቶንም፣ ሆስፒታልም ሲመላለስ ነበር። ይህንንም አላውቅም።

ኢዶሳ ድንኳኑን በጋሪ አምጥቶ በእነሱ በር ላይ ተከለው። ሌላ ማን ይተክለዋል?

የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ወንዶች ስለ ኳስ እንደሚያወሩ የማያውቅ የለም። አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፣ ካርታ ይወጣል፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እገሌ እንዴት ያቺን ሳታት ይባላል። ሐዘንተኛውም ራሱ አንድ ሁለት ቃል ይጥላል፤ ይረሳሳል። በዚያ ድንኳን ግን አፋችን ተያዘ። አንዱ «የትናንቱን ጨዋታ አያችሁ?» ሲል ሌላው ያስላል። የእንግሊዝን ኳስ ብናነሳ ወዲያው ዳኛ ይመጣል፤ ዳኛ ከመጣ ሁሉም ወደ መምህሩ ያያል። ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ስለ ውኃ መጥፋት አወራን። ፊት ለፊታችን፣ ጥቁር ለብሶ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሳምንታት የተጨቃጨቅንበትን ነገር የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ተቀምጧል፤ እኛ ስለ ውኃ እናወራለን።

ሙሌ አልቻለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካርታ እያከፋፈለ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ «መቼም ዘንድሮ ዳኝነት…» ብሎ ጀመረ።

«ሙሌ፣ ተነስ ውኃ አምጣ» አለ ኢዶሳ።

«ጋሽ ኢዶሳ፣ ጀሪካኑ ሙሉ ነው እኮ።»

«ሌላ አምጣ።»

ኢዶሳ ተከትሎት ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ክንዱን ያዘው።

«ደግመህ እንዳትሞክረው።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው! ለሴና ብዬ! ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። ከዚህ የተሻለ መቼ ያገኙታል? የትም አይሄድም፣ ቁጭ ብሏል።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም።»

«ነውር ስለሆነ?»

«ነውርም ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያዘነ ሰው የሚለውን አያውቅም። ፋዮ የሞተች ጊዜ ሰው ያለኝን ሁሉ እሺ ነበር የምለው። አንዱ መጥቶ አጽናናኝና ሲወጣ፣ ሶፋዬን እስካሁን አላደረስክልኝም አለኝ። ይቅርታ ወንድሜ ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ሶፋው ቤቱ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ልጆቹ እየዘለሉበት ነበር።»

ሙሌ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

«ታዲያ መቼ ልትጠይቀው ነው?» አልኩት እኔ።

«ድንኳኑ ይነቀል። ከድንኳኑ ከወጣ በኋላ እንደማንኛችንም ሰው ነው። ያኔ እጠይቀዋለሁ።»

እሑድ ሠልስቱ ወጣ። ሰው እየተሳለመ ሄደ፣ አግዳሚዎቹ ተጫኑ፣ ሙሌና ዮፍታሔም የሆነ ሰበብ ፈልገው ካጥሩ ሥር ቀሩ። እኔም ቀረሁ፤ ሰበብ እንኳ አልፈለግኩም። ኢዶሳ ምሰሶዎቹን ነቀለ፤ ሸራው መሬት ላይ ተንጣለለ። ማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ልነሳ ስል መምህር ሸዋንግዛው ከቤት ወጥቶ ጫፉን ያዘ። ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ አብጧል። ሁለቱ ሸራውን ወጥረው ወደ መሃል መጡ፤ እጅ ለእጅ ተቀባበሉ፤ ተመለሱ፤ እንደገና መጡ። በሦስተኛው ዙር መምህሩ ጫፉን ሳይሰጠው ያዘው።

«ኢዶሳ» አለ። «ትምህርት ቤት መጥተህ እንደነበር ነግረውኛል።»

ኢዶሳ የያዘውን ጫፍ አጥብቆ ወጠረው። ካጥሩ ሥር የነበሩት ሁለቱ አንገታቸውን አስግገዋል። ድንኳኑ ተነቅሏል። ሰውዬው ውጪ ነው። ጊዜው ይኸው ነው አልኩ ለራሴ።

«ስለ ሴና ነው አይደል? እናቴ አልጋ ላይ ሆና ስለ እሷ ጠይቃኛለች። ያቺ ቀጭኗ ልጅ አገባች ወይ ትለኛለች፣ ጎል ማለቷ ነው።» ፈገግ ሊል ሲል ፊቱ ተሰበረ፤ እንባው በጺሙ ወረደ። «እኔ እንጃ፣ ኢዶሳ። በድያታለሁ መሰለኝ። ጎል ነበረች ልበልህ? ጎል ነበረች በለኝ ካልከኝ እላለሁ። ቤትህ ድረስ መጥቼ እነግራታለሁ። አሁኑኑ እንሂድ።»

በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። የምንፈልገው ቃል፣ ሙሉው ቃል፣ ከዳኛው አፍ ወጥቶ እዚያ በሸራው ላይ ተዘርግቷል። ሙሌ ካጥሩ ሥር ኢዶሳን በዓይኑ ይለምነዋል። አዎ በለው! እንሂድ በለው!

ኢዶሳ ፊቱን አየው።

«ተወው መምህር» አለ። «ዛሬ ምንም አትበል። ያንን ጫፍ ስጠኝ።»

«እውነቴን ነው የምልህ…»

«ነፍስ ይማር። እማማ ደግ ሰው ነበሩ። ጫፉን ስጠኝ።»

መምህሩ ሰጠው። ኢዶሳ ሸራውን በጉልበቱ ተጭኖ ጠቀለለው፣ በገመድ አሰረው፣ ብቻውን አንስቶ ጋሪው ላይ ጣለው። መምህሩን ትከሻ ለትከሻ ተሳልሞት ወደ ቤት አስገባው። ሲመለስ ሙሌ «ጋሽ ኢዶሳ፣ እኮ ምን ነካዎት? አለ እኮ! በራሱ አፍ አለ!» ብሎ ጮኸበት። ዮፍታሔ ጣቱን አንስቶ መልሶ አወረደው። ኢዶሳ ጋሪውን ይዞ መግፋት ጀመረ።

እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነበር። ሴና ቤት ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው። ነገ ሰኞ ነው። ጫማው ሶፋው ሥር ነው። ምን ብሎ ሊነግራት ነው? ጎል ነበረች ብሏል ብሎ ሊነግራት ይችላል፤ ውሸት አይሆንም። አላለም ቢላትም ውሸት አይሆንም።

ቁልቁለቱን ተከተልኩት። የእድሩ ዕቃ ቤት በግራ ነው። እዚያ ይቆማል፣ በሩን ሲከፍት እደርስበታለሁ ብዬ አልሮጥኩም። እሱ ግን በዕቃ ቤቱ በር ሳይቆም አለፈ፤ ድንኳኑን እንደጫነ ጋሪውን ሴና ወደምትጠብቅበት ወደ ቤቱ መንገድ አዞረው። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት አንድ ሚኒባስ መሃላችን ገብቶ ቆመ፤ ረዳቱ «አብነት! አብነት!» እያለ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ። ታክሲው ሲነሳ ኢዶሳ ወደ ቤቱ ታጥፎ ነበር።