የሰኞና የሐሙሱ ሼኽ

እኔ ሪድዋን፣ ጅግጅጋ ከተማ ውስጥ ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር ወልይ፣ ዱዓው የሚሰምር የአላህ ሰው፣ ሆኜ ኖሬአለሁ። አሁን ቀስ በቀስ የሚከሳ ወፍራም የሩዝ ነጋዴ ነኝ፤ ዱዓ አድርግልኝ ብሎ የሚመጣም የለም። ወልይነቱ ክብር ነበረው፣ አልዋሽም። ችግሩ ሊገድለኝ መሆኑ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ዓ.ም.፣ ረመዳን በወጣ ሰሞን ነው። ጉልበቴን ሊያይልኝ የሄድኩበት ሐኪም ከጉልበቴ ይልቅ ሆዴን አይቶ "ክብደት ቀንስ" አለኝና እንዴት እንደሆነ ሳይነግረኝ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። እኔም በነጋዴ ጭንቅላቴ አሰብኩ፤ ክብደት ማለት ሚዛን ነው፣ ሚዛን ደግሞ ሱቄ ውስጥ አለ። ኩንታል የምንመዝንበት ባስኩል ላይ ጠዋት እወጣለሁ፣ ከዙሁር ሶላት በፊት እወጣለሁ፣ ሽንት ቤት ደርሼ መጥቼ ደግሞ እወጣለሁ። ደንበኛ ሲገባ ስኳር የምመዝን መስዬ እወርዳለሁ። ቁርስ ተውኩ። ትንሽ ቆይቼ ምሳም ተውኩ።

ምሳ መተው ግን እኛ ሰፈር ቀላል አይደለም። ቀትር ላይ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ትልቅ ሰሃን ሩዝ ይከብባል። "በልቻለሁ" ብትል የሚሰማህ የለም፤ እጅህን ይዘው ያስቀምጡሃል፣ ከሩዙ ጋር የሚበላውን ሙዝም ራሳቸው ልጠው ይሰጡሃል። ከዚያ ሰሃን የሚያስጥል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ "ፆመኛ ነኝ።" ይህን ካልክ የያዘህ እጅ ይለቅሃል፣ ምርቃትም ይጨመርልሃል። ሰኞና ሐሙስ መፆም ሱና፣ የነቢዩ ፈለግ፣ ነውና በእነሱ ጀመርኩ። ከዚያ ከወሩ አጋማሽ ሦስት ቀን ጨመርኩ። እሱም ሲያልቅብኝ "ካለፈው ረመዳን ያመለጠኝ ቀን አለ" ማለት አመጣሁ። የእኔን ያመለጠኝ ቀን ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው ቢኖር፣ አሥራ አምስት ረመዳን አምልጦኛል ማለት ነበር።

ፆሙ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ጥሩ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ከሐልዋ፣ ከዚያ ከሚጣብቀው ጣፋጭ፣ በቀር ምንም አይቀርም። ከጎረቤቴ ከሂርሲ ሱቅ የገዛሁትን ሐልዋ ይዤ መጋዘን እገባለሁ፤ ከስኳሩ ኩንታል ጀርባ ተቀምጬ፣ ሳላጣጥም፣ ማቆም እያቃተኝ እበላለሁ። ከዚያ ራሴን እየተጸየፍኩ አፌን ተጉመጥምጬ፣ መፋቂያዬን እያኘኩ እወጣለሁ። በማግስቱ ለቅጣት ምንም አልቀምስም። ሰው መፋቂያውን አይቶ "ማሻአላህ" ይላል። ሂርሲ ደግሞ፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ኪሎ ሐልዋ የሚገዛ ፆመኛ ለራሱ ሊበላው አይችልም ብሎ፣ ለየቲሞች፣ ለወላጅ አልባ ልጆች፣ እንደማከፋፍል ለገበያው ሁሉ አወራ። የቲሞቹ በሙሉ እኔ ነበርኩ።

ሼኽ ሪድዋን የተባልኩት እንዲህ ነው። ከሁሉ በላይ ያመነችብኝ ከቱሊ ጉሌድ የሚመጣ የግመል ወተት የምትሸጠው ቢሻሮ ናት። ኤዶ እላታለሁ፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ፆመኛን አስፈጥሮ ፆሙን ማስፈታት ትልቅ አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ አለው ብላ በየሰኞውና በየሐሙሱ አንድ ጣሳ ወተት በነፃ ታመጣልኝ ጀመር። ደገሀቡር ያለችው ልጇ ሳዳ ሁለት ጊዜ ፅንስ ተጨናግፎባት ነበርና ለእሷ ዱዓ እንዳደርግ ለመነችኝ። አደረግኩ። ሳዳ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ማን ቢሉት ጥሩ ነው? ሪድዋን! ያን ቀን የምናገረው ቃል አጣሁ፤ ሐልዋ ግን አላጣሁም።

በ2015 ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ራሴን ስመዝን ባስኩሉ ላይ ተዘረርኩ። ቁጥሩን ሳላይ መውደቄ ነበር ያናደደኝ። ጎረቤት "ፆሙ ጎዳው" እያለ ተሸክሞ ክሊኒክ አደረሰኝ። እዚያ የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር ዐናብ ሰዉን ሁሉ አስወጥታ "ባለፉት ሦስት ቀናት ምን በላህ?" አለችኝ።

"ፆመኛ ነኝ።"

"የጠየቅኩህ ስለበላኸው ነው።"

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ ስለ ስኳሩ ኩንታል ጀርባ ስነግራት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። አልሳቀችም። "በሽታ ነው፤ ብዙ ሰው አለበት፤ ይታከማል" አለችኝ።

ዐናብ የነገረችኝ ሕክምና ግን ቀልድ መሰለኝ። ለመክሳት ቁርስ ብላ፣ ምሳ ብላ፣ እራት ብላ! ከሰው ጋር ተቀምጠህ፣ እያጣጣምክ ብላ፤ ስትጠግብ አቁም። በእግርህ ሂድ። ባስኩል ላይ አትውጣ፤ በወር አንዴ እኔ እመዝንሃለሁ፣ ያውም ጀርባህን ለቁጥሩ ሰጥተህ። የሱናውን ፆም እስክትድን ተወው፣ ካልመሰለህም ሼኽህን ጠይቅ። ጠየቅኳቸው፤ የታመመ ሰው ራሱን እንዲጎዳ ማንም አላዘዘውም አሉኝ። "መክሳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ ከምግብ ጋር ታረቅ" አለች ዐናብ። ሚስቴ ፊርደውስ ሁሉንም ስትሰማ "እኔ እኮ ምግቤ አስጠልቶህ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። ከሐኪሙም ከመውደቁም ይልቅ ይህ አመመኝ። በማግስቱ ተደብቄ እንዳልወጣበት ባስኩሉን ሱቁ ውስጥ ከእሷ መቀመጫ አጠገብ አደረገችው።

ከሳምንቱ አምስቱ ቀን ተሳካልኝ። ሰኞና ሐሙስ ግን ወተቱ ይመጣል። ቢሻሮ "ሼኽ፣ ለማፍጠሪያህ" ስትለኝ ምሳዬን እተዋለሁ፤ ምሳ ስተው ዐስር ላይ ወደ መጋዘን እገባለሁ፤ በማግስቱ ከዜሮ እጀምራለሁ። ዐናብ "አምስት ቀን እየበላህ ሁለት ቀን እየተደበቅክ አትድንም። ያንን ሼኽ ሪድዋን አሰናብተው" አለችኝ። ሼኹን ማሰናበት ማለት ለቢሻሮ መናገር ነው። ለእሷ መናገር ማለት ደግሞ ትንሹን ሪድዋን በአንድ ሐሰተኛ ስም እንደጠሩት መናገር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሞት ይልቅ እሷን ፈራሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ዙሁር ሰግዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ እንደ ልማዷ ጣሳውን ይዛ መጣች።

"ኤዶ፣ ዛሬ አልፆምኩም።"

"አሞሃል?"

"አሞኛል። ባለፈው ሐሙስም አልፆምኩም፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም።" መጋዘኑን፣ ሐልዋውን፣ መፋቂያውን፣ ሁሉን ዘረገፍኩላት።

ቢሻሮ ሩዝ ኩንታል ላይ ቁጭ አለች። "የኔ ወተትስ?"

"ጠጣሁት።"

"እሱን አይደለም። ለፆመኛ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት።" ጣሳውን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "የሳዳ ዱዓስ? እሱም ውሸት ነው?"

"ወላሂ እሱ እውነት ነው። ግንባሬን ለሱጁድ በደፋሁ ቁጥር ለምኛለሁ።"

"ሐልዋ በልተህ?"

"ሐልዋ በልቼ።"

ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር። ሳቀች። እስክታስል ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቆጣች። "ዋርያ፣ አንተ ሰው! ለልጄ ስትለምን ለራስህ ምን ለመንክ?"

"እንድከሳ።"

"ጤናስ?"

ጤና አልለመንኩም። አንድም ቀን።

እሷ ጣሳውን ከፍታ ኩባያ ሙሉ ቀዳች። "ጠጣ። የታመመ ሰው ማብላትም አጅር አለው፤ የኔ አልጠፋም።"

በጠራራ ቀትር፣ በሐሙስ ቀን፣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ጠጣሁ። ሂርሲ ከመንገድ ማዶ አይቶኝ ሮጦ መጣ። "ሼኽ! ሐሙስ እኮ ነው፣ ረሳኸው?"

"ሼኽ አይደለም" አለች ቢሻሮ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። "በሽተኛ ነው። ይጠጣ!"

ሂርሲ ወደ እኔ ዞረ። "የቲሞቹስ?"

"አድገዋል" አልኩት።

ኩባያው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሆዴ በቃኝ አለ። ይህ ድምፅ ከጠፋብኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር መጀመሪያ አላመንኩትም። ኩባያውን አስቀመጥኩ። ቢሻሮ የተረፈውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

"ጠገብክ?"

"ጠገብኩ፣ ኤዶ። አልሐምዱሊላህ።" ትንሽ ቆየሁና ያስፈራኝን ጠየቅኳት፦ "ትንሹ ሪድዋንስ? ስሙን ትቀይሩታላችሁ?"

የተረፈውን ወተት አንስታ ራሷ ጨለጠችው፤ አፏንም በሻሿ ጠረገች።

"ለምን እንቀይረዋለን? እሱ ሲጠግብ ጡቱን ይለቃል። አንተ ከእሱ ተማር።"