ወደ ሰሜን የሚበሩ ዝንቦች

ልብስ ሰፊዋ በዚያ ጸደይ ወደ ሕንፃው ጣሪያ የወጣችው እንደ ወትሮው በነጻ ልብ አልነበረም። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ከርመዋል፤ በመጀመሪያ ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ መለየት አቃታት፣ ቀጥሎ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት፣ በመጨረሻም ደንበኞቿ ራሳቸው ክሩን እያስገቡ የሚያቀብሏት ሆነች። የቀኝ ዓይኗ በቀዶ ጥገና ሞራው ወጥቶለት ብርሃን አየ፤ የግራው ገና ተራውን ይጠብቃል። ሐኪሙ ግን ደስታዋን በቅጡ ሳታጣጥመው አንዲት ቃል ጣል አደረገባት።

«ጥቃቅን ዝንብ የሚመስል ነገር በዓይንዎ ውስጥ ሲንሳፈፍ ካዩ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይምጡ። ከዓይን በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ሲላቀቅ ምልክቱ ይኸው ነው። ከዘገዩ ዓይንዎን መመለስ አይቻለንም።»

ከዚያ ወዲህ ዝንብ ጠላቷ ሆነ። በሱቋ መስታወት ላይ እውነተኛ ዝንብ ባየች ቁጥር በእንጨት ማስመሪያዋ መትታ ካልጣለችው ነፍሷ አትመለስም፤ ወድቆ ስታየው ደግሞ «ተመስገን፣ ዝንብ ነው!» ትላለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ይህን ሰምቶ፣ ሱሪውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ውልቅ ብሏል።

አሞራ መቁጠርን ያስተማራት ሟች ባሏ ነበር። የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርና ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል፣ በየዓመቱ ብርዱ ሲሰበር ጭልፊቶች፣ ንስሮችና ሽመላዎች በከተማዋ አናት ላይ ወደ ሰሜን እንደሚያልፉ ከማንም በፊት አስተዋለ። ለአእዋፍ ማኅበሩም ይቆጥር ጀመር። እርሷ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ስትወጣ «እስቲ አንዴ ያዢልኝ» እያለ በአውራ ጣት የሚጫኑትን መቁጠሪያ ያስይዛት ነበር፤ ያዘችው፣ ከዚያም አልለቀቀችውም። እርሱ ካረፈ በኋላ አብሯት የሚቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ወገቡን ለመሪ ገብሮ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር። ሁለቱ በውኃ ታንከሮቹ መካከል የፕላስቲክ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ እያንዳንዳቸው አቅራቢ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። የሥራው ሕግ ጥብቅ ነው፤ አሞሮቹ ሞቃቱን አየር ተንተርሰው እየዞሩ ሲወጡ አይቆጠሩም፣ ሲዞሩ የቆጠረ አንዱን ሁለቴ ይቆጥራልና። የሚቆጠሩት ዙረታቸውን ጨርሰው በሰልፍ መንሸራተት ሲጀምሩ ነው።

ያን ዕለት ሰማዩ እንደ ታጠበ ሐር ጥርት ብሎ ነበር። ላላወቀው ያምራል፤ ለቆጣሪ ግን እንዲህ ያለው ሰማይ ክፉ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚበር አሞራ በሰማያዊው ውስጥ ይሰምጣል።

«ምነው፣ አፍሽ ተሰፋ እንዴ?» አላት ሾፌሩ። «ዛሬ ጨዋታ የለም?»

«ምን ልጫወት ጋሼ? ባዶ ሰማይ ነው።»

«ባዶማ ነው። እነሱንም እንደኔ ወገባቸውን ይዟቸው ይሆናል።»

ሊያስቃት ሲሞክር ዓይኖቹ በመነጽሩ ከከተማዋ ዳር ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ተተክለው ነበር። እርሷ ግን ያለ መነጽር ቀና ብላ ከአናታቸው በላይ ያለውን ሰማይ አየች። ነጥቦች ነበሩ፤ ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ።

ቀኝ ዓይኗን ጨፈነች፤ ነጥቦቹ ጠፉ። ገለጠችው፤ ተመለሱ። ሞራ ያለበት ግራ ዓይኗ የገዛ እጇን እንኳ በቅጡ የማያሳያት መሆኑን በዚያች ቅጽበት አላሰበችም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ የሞከረችው ሁሉ ለፍርሃቷ ምስክር ሆነላት። ነጥቦቹ ከዓይኗ ከሆኑ እዚያም ይከተሏታልና ወደ ታንከሩ ዞር ብላ ልትፈትን አሰበች፤ እንባዋ ቀደማትና ታንከሩም ሰማዩም ባንድነት ተንቀጠቀጡባት። ከዚህች ዓይን ሌላ የምታገለግላት ዓይን የላትም። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ፣ እርሷም ሰው እየመራት ደረጃውን ስትወርድ ታያት።

«ጋሼ፣ ልውረድ። ሐኪም ቤት መሄዴ ነው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ዝንቦቹ መጡ።»

ሾፌሩ መነጽሩን አወረደ። ነገሩን ያውቃል፤ ከቀዶ ጥገናው ዕለት አንሥቶ እጇን ይዞ ያመላለሳት እርሱ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ነዪ፣ እኔ እወስድሻለሁ።»

«ወገብህስ?»

«ወገቤ ገደል ይግባ! ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ይዞሩ ነበር፤ አሁን ተሰልፈው እየሄዱ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ሰሜን።»

ከወንበሩ ግማሽ ድረስ የተነሣው ሰው ባለበት ቀረ።

«አንቺ ሴት፣ ሰሜንን የሚያውቅ ምን ዓይነት ዝንብ ነው?»

«አታሹፍብኝ ጋሼ!»

«አላሾፍኩም። በይ በጣትሽ አሳዪኝ።»

አሳየችው። መነጽሩን አቀና፤ ፈለገ፤ አጣ። «ምንም የለም» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። እርሷም ቦርሳዋን አነሣች። ወደ ደረጃው ግን ገና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ እጇን ያዛት። ቁራጭ ነጭ ደመና በነፋስ እየተገፋ ወደዚያው ወደ አሳየችው አቅጣጫ ይሄድ ነበር። የሰልፉ ግንባር የደመናውን ጠርዝ ሲነካ፣ በሰማያዊው ውስጥ የሰመጠው ሁሉ በነጩ ላይ እንደ ስፌት ነጠላ ነጠላ ሆኖ ወጣ።

«ክንፍ አላቸው!» ብሎ ጮኸ። «እናቴ ትሙት ክንፍ አላቸው! ጭልፊት ነው! ሙሉ መንጋ!»

ልብስ ሰፊዋ የራሷን መነጽር አነሣች። ክንፋቸውን አየች፤ የተዘረጋ ጭራቸውንም አየች፤ አንዱ ከሰልፍ ወጥቶ ሲመለስ እንኳ አልጠፋትም። ጣሪያው ላይ ቁጭ አለች፤ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የከረመው ድንጋይ ባንድ ጊዜ ተንከባለለ፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ ያዛት። አጠገቧ የሾፌሩ መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ ይላል።

የመጨረሻው ጭልፊት ካለፈ በኋላ ሾፌሩ ቁጥሩን አነበበ። «ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት። ያንቺስ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ታዲያ መነጽር ደግነሽ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ሳያቸው ነበር።»

«ለማኅበሩ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያንተን ጻፍ። ዝንብ ብለህ ብቻ እንዳትጽፍ!»

አሁን የሳቀው እርሱ ነበር፤ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ፣ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለ። ሳቃቸው ደረጃውን ወርዶ ከታች ያለውን ፀጉር አስተካካይ ከሥራው አስወጣው። መቀሱን እንደ ያዘ ከደጁ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ኧረ ምን አግኝታችሁ ነው?»

«ዓይን!» አለው ሾፌሩ።