ትከሻው የጠበበኝ ቀሚስ

ኒካው ሊታሰር ስምንት ቀን ሲቀረው ላገባው የነበረው ሰው ወንድሜ ሆነ። ይህን ስናገር ዛሬ የሚስቁ አሉ። ያኔ ግን በቤታችን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከሚሴ ውስጥ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ውኃ ስቀዳም ገበያ ስላክም በዚያ ነው የማልፈው። አቋራጭ መንገድ እያለኝም በዚያው ነበር የማልፈው። ስደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ይቆማል፤ ካለፍኩ በኋላ ይቀጥላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሌላ የተነጋገርነው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሽማግሌ ሲልክ ግን እናቴ ሳትነግረኝ አውቄው ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ቆጠሩ። የእኛ ዘርና የእነሱ ዘር የትም አይገናኝም። ፋቲሃ ተቀራ፣ ቀን ተቆረጠ። ስለ ጡት የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባቴ በዚህ ራሱን ሲወቅስ ኖረ፤ እኔም አላገዝኩትም፣ አብሬው ወቀስኩት።

የሙሽራ ቀሚሴን ራሱ ልስፋ አለ። ከደሴ አረንጓዴ ሳቲን አስመጣ። ልለካት ማለት ነውር ስለሆነ ልኬን ከአሮጌ ቀሚስ እንዲወስድ በታናሽ እህቴ እጅ ላኩለት። አልቆ ሲመጣ ለበስኩት። ወገቡ ልክክ አለ፤ ትከሻው ግን ጠበበኝ፣ እጄን ወደ ላይ ማንሳት አቃተኝ። እናቴ «ግድ የለም፣ ባልሽ ሲሆን አስተካክሎ ይለካሻል» ብላ ቀለደችብኝ። አፍሬ ፊቴን በዚያው ሳቲን ሸፈንኩ።

በማግስቱ የአባቱ እህት ለሰርጉ ከሰንበቴ መጣች። እናቱ ሞታ ስለነበር በእናት ቦታ የምትቆመው እሷ ነበረች። ከእናቴ ጋር ተቀምጠው ስለ ዱሮ ሲያወሩ የጨፋ ሜዳ ወባ ነገር ተነሳ። እናቴ እኔን በወለደች በሦስተኛው ወር ወባ ጥሏት ወላጆቿ ቤት መወሰዷን፣ እኔን ደግሞ የአባቴ እናት ጎረቤት እያስጠባች እንዳቆየችኝ አወራች። አያቴ ሞታለች። ያጠባችኝ ሴት ማን እንደሆነች እናቴ አታውቅም፤ ለአንድ ክረምት እርሻ መጥተው የሄዱ ሰዎች ናቸው ሲባል ብቻ ሰምታለች።

ሴትዮዋ የያዘችውን የውኃ ብርጭቆ መሬት አስቀመጠች።

«ቤቱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ነበር?» አለች።

«አዎ» አለች እናቴ።

«ልጅቷ ከጆሮዋ ሥር ቃጠሎ ነበራት?»

እናቴ ዞር ብላ ወደ እኔ አየች። ሴትዮዋ ተነስታ መጣችና ሻሼን ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን አየችው።

«ያረቢ! ኢሼን ኦቦሌቲ ኢሳቲ! እህቱ ናት እኮ! የወንድሜ ሚስት እሱን ባንዱ ጡት እሷን ባንዱ ይዛ ነው የከረመችው። ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት!»

ሼሁ ተጠሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንት ቀን ጠባች? ሴትዮዋ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው አለች። ሼሁም ወደ አባቴ ዞሩ።

«የጡት እህቱ ናት። ለሱ ሐራም ናት። ከኒካው በፊት ያሳወቃችሁን አላህ አመስግኑት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንዳመሰግን ነገረኝ። ልጅ ወልዳችሁ ቢታወቅ ኖሮስ፣ አሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ ለዚህም ነው ያናደዱኝ። ሰው ቢሞትብኝ ለቅሶ ይቀመጡልኝ ነበር፤ እኔ ግን እንኳን ደስ አለሽ ሊባልበት ጥቂት የቀረው ሐዘን ደረሰብኝ። ያጠባችኝን ሴት ረገምኳት። እሷ ባትኖር በሦስት ወር ዕድሜዬ እሞት እንደነበር አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ረገምኳት። ወዲያው ደንግጬ አላህን ይቅር በለኝ አልኩት፤ በማግስቱ ደግሞ መልሼ ረገምኳት።

ቀሚሱን ሳጥን ውስጥ ከታች ቀበርኩት። በአቋራጩ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ለአረፋ ስኳር ይዞ መጣ፤ ወንድም እህቱን ይጠይቃል ተብሎ። ድሮ ደጃፋችን ድርሽ የማይለው ሰው እልፍኝ ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሻሼን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። አባቴ «ከወንድምሽ መሸፈን የለብሽም» አለኝ። ተሸፍኜ ቀረሁ። ጤንነቴን ጠየቀኝ፤ ለእናቴ መለስኩላት፣ እሷ ለሱ ነገረችው። ሁለት ዓመት በየበዓሉ እየመጣ ይህንኑ ሲቀበል ኖረ። ቀርቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አይቀርም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የሰንበቴ ከብት ነጋዴ እኔን ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ወንድሟ ይጠየቅ አለ። እሱም ሰንበቴ ድረስ ሄዶ ስለ ሰውዬው አጣርቶ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ስለ ጡት ሦስት አሮጊት ጠይቄያለሁ አለ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ግን ሳልወድ ሳቅ አመለጠኝ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደብኝና ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ ቆሜ አሰብኩ። ይህ ሰው የኔን ያህል አጥቷል። እኔ ስሸሽ እሱ ግን ወንድምነቱን እንደ ሥራ ይዞት ሁለት ዓመት ሠርቶበታል። አፈርኩ።

ነጋዴውን እሺ አልኩ፤ ሳጥኑን ከፍቼ ለሰርጌ አረንጓዴውን ቀሚስ አወጣሁ። እናቴ ገደቢስ ነው፣ ሌላ ይሰፋልሽ ብላ ለመነችኝ። ይሄንኑ ነው የምለብሰው አልኩ። ወደ ሱቁ በረንዳ ወስጄ እሱ ፊት ዘረጋሁት።

«ትከሻው ይጠበኛል።»

ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። «ልለካሽ?» አለ።

«ማን ከለከለህ?» አልኩት። ቁጣ አስመሰልኩት እንጂ ቁጣ አልነበረም።

ጀርባዬን ሰጠሁት። ሜትሩን ከትከሻ ትከሻዬ ዘረጋው፤ ጣቱ አንገቴን ነካ። ያን እጅ ስንት ቀን በሐሳቤ እንደጠበቅኩት አላህ ያውቃል። የመጣው የወንድም እጅ ሆኖ ነው፤ ሌላ እጅ የለም። ልኩን በለሆሳስ ተናገረና ተቀመጠ፣ በምላጭ ስፌቱን መፍታት ጀመረ።

ስፌቱ ሲፈታ ከውስጥ ሦስት ጣት የሚሆን ትርፍ ሳቲን ታጥፎ ወጣ። በጎኖቹም፣ በወገቡም እንደዚያው።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ልብስ ሰፊ እንዲህ ጨርቅ ያባክናል?» አልኩት።

ቀና አላለም። «ስትወልጂ እየፈታሁ አሰፋልሻለሁ ብዬ ነበር» አለ።

መቀሱን አንስቶ ትርፉን ከወገቡ በኩል ሊቆርጠው ያዘ። እጁን ያዝኩት።

«አትቁረጠው ወንድሜ» አልኩት፤ እንደዚያ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። «ስወልድ አንተው ታሰፋልኛለህ።»

ሦስት ልጅ ወለድኩ። ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰፋልኝ።